ቡናው ሲያር ያልሸተታት፦ የአንጎል ዕጢ ታማሚ ሐኪም ዘንድ ለምን ዘግይቶ ይደርሳል?

አክስቴ የምትኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። በሰፈሩ ቡና አቆላሏ የሚወራላት ሴት ነበረች። አንድ እሑድ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ቡናው ምጣድ ላይ አሮ ከሰል መሰለ። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን እሷ ጎንበስ ብላ ማመሱን ቀጠለች። ጎረቤቷ "እትዬ፣ አረረ እኮ!" ብትላት ቀና ብላ "ምኑ?" አለች። ሳቅን። የሳቅንበት ነገር ምን እንደሆነ የሰማነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከግንባሯ ሥር፣ የማሽተት ነርቮች በሚያልፉበት ቦታ ላይ፣ የብርቱካን ያህል ዕጢ አድጎ ነበር።

ስለነዚያ ሦስት ዓመታት መጻፍ የፈለግሁት በየቤቱ እየተደገሙ ስለሆነ ነው። "የገጠር ሰው ቸልተኛ ነው፣ ሲብስበት ነው የሚመጣው" ሲባል ስሰማ አሁንም ያመኛል። በአክስቴ ቤት በነዚያ ዓመታት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ እርምጃ በጊዜው ሲታይ ልክ ነበር። ዕጢው ያደገው በልክ እርምጃዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ተመርጎ የተዘጋ ጋን

መጀመሪያ በሽታውን ራሱን እንየው። የአዋቂ ሰው ራስ ቅል ውስጡ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው አንጎል ነው፤ ቀሪውን ደምና አንጎሉን የሚያጥበው ፈሳሽ ይካፈሉታል። ፈሳሹ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል እየተመረተ መልሶ ወደ ደም ይገባል። ራስ ቅሉ እንደተመረገ ጋን ነው፤ አይለጠጥም። ውስጡ አዲስ ነገር ሲያድግ መጀመሪያ ፈሳሹና ደሙ ቦታ ይለቃሉ፤ ስለዚህ ሰውየው ለወራት፣ ቀስ ብሎ ለሚያድግ ዕጢ ደግሞ ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። የሚለቀቅ ቦታ ሲያልቅ ግን ግፊቱ ባንዴ ይወጣል። "ትናንት ደህና ነበር እኮ!" የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህም ምክንያት በአንጎል ውስጥ "ክፉ" እና "ደግ" ዕጢ የሚለው አነጋገር ያሳስታል። የአክስቴ ዓይነቱ ማኒንጂዮማ ይባላል። ከአንጎሉ ሽፋን ይነሣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ በዓመት በሚሊሜትር ነው የሚያድገው። ሆድ ላይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተሸክማው ትኖር ነበር። ጋኑ ውስጥ ግን ደጉም ዕጢ ዓይን ያጠፋል፣ ይጥላል፣ ይገድላል። በሌላው ጫፍ ግሊዮብላስቶማ የሚባለው አለ፤ እሱ በሳምንታት ነው የሚሮጠው። በሕፃናት ላይ ደግሞ ከኋላ፣ ሚዛን በሚጠበቅበት የአንጎል ክፍል የሚወጡ ዕጢዎች ይበዛሉ። እነሱ የፈሳሹን መውጫ ስለሚዘጉ ልጁ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ትንሽ ሕፃን ከሆነም ጭንቅላቱ ይተልቃል።

የተሳሳተ ስም

እናቶቻችን በሽታን በስሙ ይጠሩታል፤ ስሙ መድኃኒቱን ይመራል። የራስ ምታቱ ፀሐይ ላይ ከዋለች በኋላ ስለጀመራት ምች ተባለ። ዳማከሴ ተጨመቀ፣ በቡና ጠጣች፣ ላብ አላባት፣ ተሻላት። ራስ ምታት ደግሞ በተፈጥሮው ይመጣል ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር የመጨረሻው መድኃኒት ይመሰገናል።

ጤና ጣቢያ ሄደች። ታይፎይድ ተባለች። መድኃኒት ወሰደች፣ ለጥቂት ሳምንታት ደህና ሆነች፣ ተመለሰባት። ሁለተኛ ጊዜ ሳይነስ ተባለች። ሦስተኛ ጊዜ ጨጓራ ነው፣ ራስ ምታቱም ከእሱ ነው ተባለች። ባለሙያዎቹን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። በቀን ብዙ ራስ ምታት የሚያይ ሰው ፊት ከተቀመጡት ውስጥ ዕጢ ያለበት እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ ቢመስለው አገሩ አይበቃውም። ነገር ግን መድኃኒት ሦስት ጊዜ ተሰጥቶት ሦስት ጊዜ የተመለሰ ራስ ምታት ስሙ መቀየር አለበት። ይህ የእኔ ጽኑ እምነት ነው።

ከራስ ምታቱ በላይ ያሳሳተን ግን ጠባይዋ ነው። ማኅበር መቅረት ጀመረች። ለቅሶ ቤት ሄዳ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ተቀምጣ ትመለሳለች። ልብሷን መቀየር ትረሳለች። ዓይን አፋር የነበረችው ሴት ሽማግሌ በተቀመጠበት ነውር ቃል አወጣች። አንዱ ኮርታለች አለ፣ ሌላው መተት ነው አለ፣ ልክፍት ነው ያለም አለ። ባሏ፣ አጎቴ፣ የባሰውን አሰበ፦ ጠልታኛለች ብሎ። የአንጎል የፊተኛው ክፍል ማሰብን፣ ማፈርን፣ መነሣሣትን የሚገዛ ነው፤ እሱ ሲጫን ሰውየው ራሱ የተለወጠ ይመስላል። የታመመ እግር ለሁሉም ይታያል፤ የታመመ ጠባይ ግን ጠብ ያመጣል። የተጣሉትን ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ አይወስዱትም፤ ሽማግሌ ነው የሚልኩበት። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባታል።

በሚጥል በሽታ የሚገለጠውማ ከዚህ የከፋ ነው። ጎልማሳ ሰው ከዚህ በፊት ጥሎት ሳያውቅ በድንገት ቢጥለው የአንጎል ምስል መነሣት ይገባዋል፤ ዕጢ አንዱ ምክንያት ነውና። በሰፈራችን ግን ክብሪት ተጭሮ ጭሱ ይሰጠዋል፣ ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራም የሚነካው ሰው ይጠፋል፣ ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው ሳይነሣ ይቃጠላል። በሽታው አይተላለፍም። ከዚያም ቤተሰቡ ልጃገረድ ካለው ይደብቃል፣ ማን ያገባታል ተብሎ። የተደበቀ በሽታ ሪፈር አይጻፍለትም።

ሌላም በሹክሹክታ የሚቀር አለ። ከአንጎል ሥር የምትገኝ ፒቱታሪ የምትባል የአተር ያህል ዕጢ አለች፤ ይህች በተፈጥሮ በሁላችንም ውስጥ ያለች ናት። እሷ ላይ እብጠት ሲወጣ አንዲት ሴት ሳታረግዝ ወተት ከጡቷ ሊፈስ፣ የወር አበባዋም ሊቀር ይችላል። በአንዳንዱ ሰው እጅና እግር ይተልቃል፣ ጫማ አልበቃ ይላል። ከጎንና ከጎን ያለው እይታም ይጠፋል። ልጅ አልወለድሽም ተብላ የተፈታች ሴት ይህ ሊሆን እንደሚችል ማን ይነግራታል? የሚያሳዝነው ደግሞ ከእነዚህ ውስጥ ወተት የሚያመነጨው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና በሚዋጥ ኪኒን የሚሟሽሽ መሆኑ ነው።

ጸበሉ

አክስቴ ጻድቃኔ ማርያም ሁለት ጊዜ ሄዳለች። የአጎቴ እናት ደግሞ ሸንኮራ ዮሐንስ ትሂድ ብለው ነበር፤ ርቆ ቀረ። ሰሜን ሸዋ ተወልዶ ስለ ጸበል በንቀት የሚጽፍ ሰው አገሩን አያውቅም። እዚያ አክስቴ ያገኘችውን ሌላ ቦታ አላገኘችም፦ ማንም መተተኛ ናት አላላትም፣ ማንም ኮርታለች አላላትም፣ ሕመምተኛ ተብላ ተከበረች። ያ ብቻውን መድኃኒት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሱባኤው ሳያልቅ መድኃኒት አይነካም ሲባል ነው፤ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ሰው ባንዴ ሲያቆም። ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን በድንገት ከቆመ ማቋረጫ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ በይፋ መናገራቸውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ያ ቃል ለኤችአይቪ የተነገረ ቢሆንም ለዕጢም ይሠራል። በየጸበሉ ያሉ አባቶች "መድኃኒትህን ይዘህ ና" ቢሉ ከሐኪሙ ይልቅ የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

የበሬው ሂሳብ

የጤና ባለሙያዎች መዘግየትን በሦስት ከፍለው ያዩታል፦ ልሂድ ብሎ ለመወሰን፣ ቦታው ለመድረስ፣ ደርሶ ሕክምናውን ለማግኘት። ይህን አከፋፈል ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ እናቶች ሞት ሲጽፉ ያወጡት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ለወሊድ በደንብ ያውቁታል። ለአንጎል ዕጢ ሲሆን ግን ሦስቱ ተለያይተው አይቆሙም። ገንዘቡ ሦስቱንም አንድ ላይ ያስራቸዋል።

አጎቴ አንድ ጥማድ በሬ አለው። የመጀመሪያው ሐሳብ አንዱን መሸጥ ነበር። ገበሬ ያልሆነ ሰው "አንዱን ሸጦ ሚስቱን አያሳክምም?" ይላል። አንዱን በሬ የሸጠ ሰው ክረምት ሲገባ መቀናጆ ፈላጊ ነው፤ የሚያቀናጀው ሰው የራሱን እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ዘሩ ይዘገያል፣ ምርቱ ይቀንሳል። መቀናጆ ካጣ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ግማሹን ይቀበላል። ስለዚህ በሬው ሲሸጥ የሚወጣው የዘንድሮ ብር ብቻ ሳይሆን የሚመጣው ዓመት እህልም ነው። ይህን አጎቴ በቃሉ አስልቶታል። የመንዝ በግ አለ፤ በግ ግን ዋጋ የሚያወጣው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ነው። "ለፋሲካ እንሽጥና እንሄዳለን" ተባለ። ፋሲካ አራት ወር ይቀረው ነበር። ዕጢው ጾም አያውቅም።

በመጨረሻ የተሸጠው ባሕር ዛፉ ነው። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ ባንክ ነው፤ ሲቆረጥ ግን ገዢው ችግርህን ካወቀ ዋጋውን ይሰብራል። አወቀም፣ ሰበረም።

ብሩ ለምን ይሄዳል? ሰው የሚፈራው የቀዶ ጥገናውን ክፍያ ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ግን ብዙ ጊዜ ቤት የሚያፈርሰው ዙሪያው ያለው ነው። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ ታማሚ ብቻውን አይሄድምና ትራንስፖርቱ ሁልጊዜ እጥፍ ነው። ሆስፒታል አጠገብ የአልጋ ኪራይ አለ። የአስታማሚ ምግብ አለ። የምስል ማሽኑ ተበላሽቷል ከተባለ የግል ክሊኒክ አለ። የሌለ መድኃኒት ከውጭ ይገዛል። ደም ይተካ ሲባል ደግሞ ከአገር ቤት ሰው ይጠራል፣ ለእሱም ትራንስፖርት ይከፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት በተጠቀመበት አንድ መለኪያ፣ አንድ ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ካወጣ አስከፊ ወጪ ይባል ነበር። ለእኛ ቤተሰብ ከተፈረመው ሪፈር እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ ድረስ ያለው ብቻ ይህን ልክ አልፎ ነበር፤ ገና ሐኪሙን ሳናይ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው ዛሬ የደረሰበት የደረሰው። ትልቅ ነገር ነው፤ ያላደሰ ሰው ዛሬውኑ ያድስ እላለሁ። ግን የሚሠራው በሪፈር ሰንሰለት ነው፦ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ በላይ። ሰንሰለቱን ዘሎ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሽፋኑን ያጣል ወይም ይጎድልበታል። ትራንስፖርትና የአስታማሚ አልጋ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሸፍንም። አክስቴ ጋ የሆነው ይህ ነው፦ ደብተሯ ያልታደሰ ነበር፤ የምዝገባው ጊዜ አልፏል ተብላ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ስለ እድር አንድ ነገር ካላልኩ አያልፈኝም። በሰፈራችን ሦስት እድር አለ። አክስቴ ብትሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከል ነበር፣ እንጀራ ይመጣ ነበር፣ ለባሏ ብር በእጁ ይሰጥ ነበር። ታማ ሳለች ግን ያው ገንዘብ፣ ያው ሣጥን ውስጥ፣ ቁጭ ብሎ ነበር። ደንቡ ለሞተ ነው። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ወጥተው በየግላቸው የሰጡ አሉ። ነገር ግን ጠንካራው የመረዳጃ ድርጅታችን የተሠራው ለመቅበር ነው። በአንዳንድ ቦታ እድሮች ለሕክምና የሚሆን ብድር በደንባቸው አስገብተዋል፤ ለአራጣ ከመሄድ ስንት ያድናል! አንድ ጉባኤ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው የሚፈልገው።

መንገዱና ተራው

በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ዞን ሕዝብ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በካርታ ሲታይ ዞኑ ለዋና ከተማው ቅርብ ይመስላል። ከጌራ ምድር፣ ከግሼ፣ ከመርሐ ቤቴ ቆላ ለሚነሣ ሰው ግን ርቀቱ የሚለካው በገደልና በወንዝ ነው። የጃማ ወንዝ ሲሞላ መንገድ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ መንገዱን መቼ እንደሚከፈት የማይታወቅ አድርጎታል። ቀጠሮ የተያዘበት ቀን መንገድ ተዘግቶ የቀረ ታማሚ በካርድ ክፍሉ ዘንድ "ያልመጣ" ተብሎ ነው የሚጻፈው።

የአንጎል ቀዶ ሐኪም ደግሞ በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊቲ ሥልጠናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች ቁጥር ጨምሯል፣ ወደ ክልልም ወጥተዋል። ያም ሆኖ ሥራው ሐኪም ብቻ አይበቃውም። የጽኑ ሕሙማን አልጋ፣ ሰመመን ሰጪ፣ ደም፣ ከዚያም ናሙናውን አይቶ ዓይነቱን የሚለይ ፓቶሎጂስት ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ተራው ይቆማል። የጨረር ሕክምናም ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ወደ ሌሎች ከተሞች እየሰፋ ነው።

የሚያሳስተው መሻል

ይህን ክፍል እባካችሁ ለሌላም ንገሩት፤ ብዙ ሰው የሚሞትበት ቦታ ነው።

ዕጢ ዙሪያውን ያሳብጣል። ግማሹ ሕመም ከዕጢው ሳይሆን ከእብጠቱ ነው። ሐኪሞች እብጠቱን ለመቀነስ ዴክሳሜታሶን የሚባል ርካሽ መድኃኒት ይሰጣሉ። በአንድ ሁለት ቀን ራስ ምታቱ ይጠፋል፣ የሰነፈው እጅ ይነሣል፣ የተዘጋው አፍ ይናገራል። ቤተሰቡ "ዳነ!" ይላል። ቀዶ ጥገናው በሁለት ወር ቀጠሮ ነው፣ አልጋ ኪራዩ እያለቀ ነው፣ አጨዳም ደርሷል፤ ይዘውት ይመለሳሉ። ዕጢው ግን በቦታው ነው። ክኒኑ ሲያልቅ እብጠቱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ በባሰ ኃይል። መድኃኒቱን ለሳምንታት ወስዶ ባንዴ ማቆም ደግሞ በራሱ አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ይዝላል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ከዚህ መድኃኒት በኋላ የሚመጣው መሻል የቀዶ ጥገናውን ጊዜ የሚሰጥ መሻል ነው። ወደ ቤት መመለስ ግድ ከሆነም ሐኪሙን "እስከ ቀጠሮው የሚበቃ መድኃኒት ይጻፉልኝ፣ ሲቆምስ እንዴት ነው የሚቀነሰው?" ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ብረት ከነካው

አክስቴን የቀዶ ጥገና ቀን ከተቆረጠላት በኋላም አስራ አንድ ቀን አጥተናል። "ዕጢ ብረት ከነካው ይዛመታል"፣ "ጭንቅላቱ ተከፍቶ ሰው የሆነ የለም" ተባለ። ይህ ወሬ ከየት ይመጣል? ከእውነተኛ ገጠመኝ ነው የሚመጣው። ዘግይቶ የመጣ ታማሚ ዕጢው ትልቅ ነው፣ ቀዶ ጥገናው ከባድ ነው፣ ከሞተም የሰፈሩ ሰው የሚያየው ሬሳውን ነው። ቀጣዩ ታማሚ ያንን አይቶ ይፈራል፣ ይዘገያል፣ እሱም በተራው ማስረጃ ይሆናል።

ከዚያ ጸጉሩ ነበር። ጸጉሯ ይላጫል ሲባል አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። በእኛ ዘንድ ሴት የምትላጨው ለሐዘን ነው። "ማን ሞቶብኝ ነው?" አለች። አስታማሚዋ ልጇ የራሷን ጸጉር አሳጥራ መጣች፤ በነጋታው ፈረመች።

ስለ መንገርም ላንሣ። ቤተሰቡ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዞ "ለሷ እንዳይነግሯት" ይላል። መርዶ በወግ የሚነገርበት አገር ልጆች ነንና ይገባኛል። ግን ያልተነገረው ታማሚ ለምን ጭንቅላቱ እንደሚከፈት ሳያውቅ እምቢ ይላል፣ ወይም ቀስ ብሎ ከአልጋው ወርዶ ወደ አገሩ ይሄዳል። አክስቴን የነገራት ወጣት ሐኪም አጠገቧ ተቀምጦ "እማማ፣ ዕጢው ካንሰር አይመስልም፤ ከወጣ አይመለስም ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ዓይንዎ ግን የጠፋው ላይመለስ ይችላል" አላት። ሁሉንም አንድ ላይ ሰማችው። "እንግዲህ ቶሎ በሉ" ነው ያለችው።

ሁሉም ዕጢ እንደሷ አይደለም። ግሊዮብላስቶማ ሙሉ ሕክምና አግኝቶ እንኳ ግማሹ ታማሚ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ አይኖርም። ስለዚህ ሁለቱም በሬዎች ከመሸጣቸው በፊት ሐኪሙን ዓይነቱን፣ ሕክምናው የሚሰጠውን ጊዜና የዚያን ጊዜ ኑሮ መጠየቅ ለቤተሰቡ መብቱ ነው። ቤት ሆኖ ሕመሙን እያስታገሱ መሰንበትን የመረጠ ቤተሰብም ዘመዱን አልተወም።

ዓይን ውስጥ የሚታየው

የአክስቴ በሽታ የተገኘው መነጽር ልትገዛ ሄዳ ነው። ማንበብ አትችልም፤ ያስቸገራት መርፌ መክተት ነበር። ዓይን ክፍል የነበረው ባለሙያ በእጁ ይዞ በሚያየው በትንሽ መብራት ዓይኗን ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየ። ሌላኛውን አየ። መብራቱን አጠፋና "እማማ፣ መነጽር አይደለም የሚያስፈልግዎት" አላት።

ያየው ይህን ነው፦ የዓይን ነርቭ ከአንጎል ሲመጣ የአንጎሉን ሽፋንና ፈሳሽ እንደ ቱቦ ለብሶ ነው የሚመጣው። ጋኑ ውስጥ ግፊት ሲጨምር ግፊቱ በዚያ ቱቦ ወርዶ የነርቩን ጫፍ ያሳብጠዋል። ያ እብጠት በዚያች ትንሽ መብራት፣ በኦፍታልሞስኮፕ፣ ይታያል፤ ኤምአርአይ አይፈልግም፣ አዲስ አበባም አይፈልግም። የዓይን ነርቭ ጫፍ ሁልጊዜ ያብጣል ማለት አይደለም፤ ካበጠ ግን ሪፈሩ የዚያኑ ቀን መጻፍ አለበት። በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ይህን የሚያይ አንድ ሰው ቢኖርና ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰ ራስ ምታት ሁሉ ወደ እሱ ቢላክ፣ አክስቴ ሁለቱንም ዓይኗን ይዛ ትቀር እንደነበር አልጠራጠርም።

ችላ የማይባሉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ጠዋት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ ያለ ማቅለሽለሽ ድንገት ከሚያስመልስ ትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት፤ የአንድ ጎን መስነፍ፤ በአንድ ጆሮ ብቻ መስማት መቀነስ፤ በጎልማሳነት የመጀመሪያ መውደቅ፤ ሽታ መጥፋት፤ የጠባይ መለወጥ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ "ራሴን ያመኛል" ብቻ አትበሉ። ከመቼ ጀምሮ፣ ስንተኛ ጊዜ እንደመጣችሁ፣ ምን ተሰጥቷችሁ እንደተመለሰ ንገሩ። ታማሚው ስለ ጠባዩ አይናገርምና አብሮት የሚኖር ሰው ይግባ። ሪፈር ስትይዙ የመድን ደብተሩ የዘንድሮ ማኅተም እንዳለው እዩ፣ የምስሉን ሲዲና የተጻፈውን ውጤት ሁለቱንም ያዙ፣ የተመላላሽ ክሊኒኩ በየትኛው ቀን እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት በስልክ አስጠይቁ። እኛ ሐሙስ ደርሰን ክሊኒኩ ማክሰኞ ነው ተብለን አምስት ቀን አልጋ ከፍለናል።

አክስቴ ቀዶ ጥገናው ደህና ሆኖላታል። ናሙናውም ካንሰር አይደለም ተብሏል። ግራ ዓይኗ አይቷል፣ ቀኙ አልተመለሰም፤ ሽታም አልተመለሰላትም፤ ቡናውን አሁን የምታምሰው በድምፁ እየለየች ነው። አጎቴን ይቅርታ ጠይቃዋለች፤ እሱም ጠይቋታል። በየዓመቱ ምስል መነሣት አለባት፣ ማኒንጂዮማ ከሥሩ ጥቂት ከቀረ ሊያድግ ይችላልና። የባሕር ዛፉ ጉቶ አቆጥቁጧል፤ ለመቆረጥ ግን ገና ዓመታት ይቀሩታል። የዘንድሮው ምስል በሁለት በግ ነው፤ ቀጠሮው ከእንቁጣጣሽ በኋላ እንዲሆን አስቀድመን ጠይቀናል።